ሐረጎን ወርዳ ታውቃለች?

ደሴ፣ ሮቢት ግድም፣ ጉሙ ሳይነሳ ገና በማለዳ፣
ዘጠኝ መኪና ቆሟል፣ ታጥቦ ተወልውሎ፣ ከጭቃው ሜዳ።
ሙሄ ደሳለ መጣ፣ ጨርቁን በትከሻው ጥሎ፤
«ማር ናት፣ ወንድምዓለም» አለኝ፣ ኮፈኗን በእጁ አባብሎ።

ነጭ ዲኤክስ ናት። ጎማዋ በጥቁር ቀለም ያበራል፤
የተቀባ ጎማ ግን ያየውን መቼ ይናገራል?

ልጄ መዲና ናት የላከችኝ፤ ሐይቅ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት፤
ሌሊት ምጥ ሲጠራት፣ ባጃጅ የለም፣ እግሯ ነው የሚያደርሳት።
ከደብተር ቀድዳ ጻፈችልኝ፣ በቁጥር አድርጋ በዝርዝር፤
«አባ፣ ሳትጠይቅ እንዳትከፍል፣ አንዲት ሳንቲም፣ አንዲት ብር።»

«ባለቤቷ ማነው?»
«አንድ ሐኪም ነበሩ፤
ከቤት እስከ መስጊድ፣ ከዚያ ወዲያ አይሻገሩ።»
(ደሴ ላይ የተሸጠ መኪና፣ እስከ ዛሬ ያየሁት ሁሉ፣
ወይ የሐኪም ነበር፣ ወይ የቄስ። ሌሎቻችን በምን ሄድን፣ በሉ?)

«ሊብሬው በማን ስም ነው?» «ይዞራል፣ ምን ችግር አለ?»
«የሻንሲው ቁጥር ይታያል?» «ዝገቱ ትንሽ ከለለ።»
«ኪሎ ሜትሩስ?» «ሰማንያ ሺህ። ወላሂ፣ ቆጣሪውን አልነካሁት።»
መሪው ግን የመዳፍ ላብ ልጦት፣ ሙልጭልጭ ብሎ አገኘሁት።

«ቦሎውስ?» «የዘንድሮ ነው።» «ትርፍ ጎማ?» «አለ።» «ክሪክስ?»
«ክሪክ ምን ይሠራልሃል? ይቺ ጎማ እንኳን ልትፈነዳ፣ አትተነፍስ።»

«ሞተሯ ወርዶ ያውቃል?» «እንደ ተወለደች ናት፣ ድንግል።»
ማግኔት በሯ ላይ ባስጠጋ፣ ስቱኮ ነው፣ ወርዶ ይንከባለላል።
«ሳትሞቅ አስነሳት፤ ጭሷን ልይ» አልኩት። አስነሳ።
ሰማያዊ ጭስ ወጣ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ጦሳ።
«ብርዱ ነው» አለ ሙሄ። የደሴ ብርድ ስንቱን ቻለ!
የደላላ ኃጢአት ሁሉ በእሱ እንደተሳበበ አለ።

ሰባተኛው ጥያቄ፣ መዲና በቀይ ያሰመረችው፦
«ሐረጎን ወርዳ ታውቃለች? ፍሬን በቁልቁለት ነው የሚለየው።»
«ሐረጎን?» ሳቀ ሙሄ፤ «በአንድ ጣት፣ እየዘፈንክ ትወርዳለህ።
ምንጣፉን አንሳና ወለሏን እይ፣ እንደ ሰሃን ታየዋለህ።»

አነሳሁ።

ከሹፌሩ እግር በታች፣ ዝገቱን የሸፈነች፣
በአራት ብሎን የታሰረች፣ የዘይት ቆርቆሮ ቁራጭ አለች።
ቢጫ ናት፤ የሱፍ አበባው ሥዕል ግማሹ ቀርቷል።
አራተኛው ብሎን ከሌሎቹ ይረዝማል።
ጣቴ ያውቀዋል።

ያኔ ሰማያዊ ነበረች። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት መሆኑ ነው፤
ሁመድ ለሚባል የባቲ ልጅ፣ «ማር ናት» ብዬ የሸጥኳት እኔው።
የግመል ገንዘብ ነበር፣ ሁለት ጊዜ ቆጠረልኝ፤
«ባለቤቷ ማነው?» ሲለኝ፣ «ሐኪም» አልኩት፣ ሳያልበኝ።
የምን ሐኪም! እኔ ነበርኩ፣ ወደ ኮምቦልቻ ሽንኩርት እየጫንኩ፣
አንድ ቀን ሐረጎ ላይ ፍሬኗ ከድቶኝ፣
በካምቢዮና በጸሎት፣ ግንቡን እየታከክሁ የቆምኩ።
ያን አልነገርኩትም ለልጁ። ስላልጠየቀኝ አይደለም፤
ጠይቆኝ ነበር። «በአንድ ጣት ትወርዳለህ» ስለው፣ ዓይኔን እንኳ አላርገበገብኩም።

«ሙሄ» አልኩት፣ «ይችን ቆርቆሮ የመታኋት እኔ ነኝ።»
ይደነግጣል ብዬ ነበር። ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ።
«ታዲያ ምን ትመረምረኛለህ? ማር ናት ያልከው አንተ አይደለህ?
እኔ ቃልህን ተሸክሜ ነው፤ ትርፍ ብጨምርበት፣ ምን ቅር አለህ?»

ዋጋውን ቀነሰ። አልሰማሁትም። ወረቀቱን አጠፍኩና፣
ከመዲና ዝርዝር የሌለ፣ አንድ ጥያቄ መጣብኝና፦

«ከማን ገዛሃት?»
«ከጨረታ። ባቲ መንገድ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ቆማ።»
«ነጂውስ?»
ጨርቁን አራገፈ። ወደ ቀጣዩ ኮፈን ሄደ፣ እንዳልሰማ።

ስልኬ ጠራ፤ መዲና ናት። «አባ፣ ጠየቅከው? ሁሉንም?»
«ጠየቅኩት» አልኳት።
ጉሙ ወደ ሐረጎ ይወርድ ነበር፤ ፍሬን የለውም።